ጥያቄና መልስ፦ ዳገት ላይ የሚታፈን ኳድ

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ከደረቀ ወዲህ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታና ከመናገሻ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቱ ስትሮክ ኳድ ናቸው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅለው የሚጠጡት እነዚህ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ቀላልና ቁጡ ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጡ የቤንዚን ምጣኔያቸው የተስተካከለው ለቆላ አየር ነው፤ እኛ የምንነዳቸው ደግሞ ደጋ ላይ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ጥያቄዎች የብዙዎቹ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ከሱሉልታ፦ «ያገለገለ ያማሃ ባንሺ 350 ገዝቻለሁ። ሜዳ ላይ ይበራል፤ ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን ድንጋያማ ዳገት ስይዝ ግን ይታፈናል። አንዱ መካኒክ ማርሚታ ቀይር አለኝ፣ ሌላው ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አስላጭ፣ ሦስተኛው የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች አስሰፋ። ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው አቆየው። ከሦስቱም የሚቀድሙ፣ ወጪያቸውም አነስተኛ የሆነ ሥራዎች አሉ።

መጀመሪያ ሞተርህ ጤነኛ መሆኑን እወቅ። ማብሪያውን አጥፋ፤ ካንዴላዎቹን ፈትተህ የኮምፕሬሽን መለኪያ ግጠም፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ተጭነህ የመለኪያው መርፌ ከፍ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ እየደጋገምክ ርገጥ። ባንሺ ሁለት ሲሊንደር ስላለው ሁለቱንም ለካ። ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ከበለጠ አንደኛው ጋ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) አልቋል ወይም ፒስተን ተፍቋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ማርሚታ መግጠም የታመመ በሬ ላይ አዲስ ቀንበር መጫን ነው። ቁጥሩ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ዝቅ ቢል ግን አትደንግጥ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛው ሞተርም ዝቅ ብሎ ነው የሚለካው።

ቀጥሎ የሪዱን ቤት ፍታ። ሪድ ማለት በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያሉት፣ አየርና ቤንዚን ሲገባ የሚከፈቱ፣ ሊመለስ ሲል የሚዘጉ ስስ ቅጠሎች ናቸው። ወደ መስኮት አንሥተህ በብርሃን እያቸው። ጫፋቸው ከተሸረፈ ወይም ተዘግተው ሳለ በሥራቸው ብርሃን የሚታይ ከሆነ የዳገቱን ጉልበት የበላው ይኸው ሊሆን ይችላል። አዲስ ቅጠል ደግሞ ከማርሚታ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም።

ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ፒኞኑን፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚያዞረውን የፊቱን ጥርስ፣ ቀይር። ባንሺ ከፋብሪካ የሚመጣው ከፊት 14፣ ከኋላ 41 ጥርስ ይዞ ነው። የፊቱን ወደ 13 ብታወርደው ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ወደ 8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ኋላ ያለውን ኮሮና በ3 ጥርስ እንደማሳደግ ነው። ከፍተኛ ፍጥነትህ ይቀንሳል። ድንጋይና ሥር በሞላበት የባሕር ዛፍ መንገድ ላይ ግን ያን ፍጥነት የምትጠቀምበት ቦታ የለም። እኔ ለዱካ መንገድ ከሁሉ በፊት የምመርጠው ይህን ነው፤ ካልወደድከው በግማሽ ሰዓት ይመለሳል።

አሁን ወደ ማርሚታው። የቱ ስትሮክ ማርሚታ የጭስ መውጫ ብቻ አይደለም። ሆዱ የሰፋው፣ ጫፉ የጠበበው ለምክንያት ነው፦ ከሲሊንደሩ የወጣው የግፊት ማዕበል ከጠባቡ ጫፍ ተላትሞ ይመለሳል፤ ሊያመልጥ የነበረውንም ያልተቃጠለ ቅልቅል መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ይህ በትክክል የሚገጥመው በተወሰነ የዙር ፍጥነት ላይ ብቻ ነው፤ ያን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ የማርሚታው ርዝመትና ቅርጽ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ፈረስ ይጨምራል?» ብለህ አትጠይቀው። «የትኛው ዙር ላይ ነው የሚጨምረው?» በለው። ለአሸዋና ለእሽቅድምድም የተሠራው ከላይ ይጮኻል፣ ከታች ይሞታል። ባንሺ ራሱ ሞተሩን የወረሰው ከመንገድ ሞተር ሳይክል ስለሆነ በተፈጥሮው የላይ ዙር ወዳድ ነው። አንተ የምትፈልገው መካከለኛውን የሚያጠነክር ማርሚታ ነው።

ቴስታታ ማስላጨት ለደጋ ሰው ትርጉም አለው። አየሩ የሳሳ ስለሆነ የጠፋውን ግፊት በከፊል ይመልሳል፤ የሚሰማህም ከታች ዙር ጀምሮ ነው። ግን በልክ፣ ሥራውን በሚያውቅ ቶርኖ ቤት፣ ደግሞም ቆላ ወርደህ የማትነዳ ከሆነ ነው። የሲሊንደሩን ቀዳዳ ማስሰፋት ግን ተወው። የጭስ መውጫው ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበቱ ወደ ላይኛው ዙር ይሸሻል፤ ዳገት ላይ ያማረርክበትን ነገር ገንዘብ ከፍለህ ታባብሰዋለህ። አንዴ የተፋቀ ሲሊንደር ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ከሰበታ፦ «ካንዴላዬ ሁልጊዜ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ጭሱም በዛ። ጓደኞቼ ዘይቱን ቀንስ አሉኝ። ልቀንስ?»

እባክህ እንዳታደርገው። የበዛብህ ዘይቱ አይደለም፤ ቤንዚኑ ነው። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ሩቡ ይጎድላል። ካርቡራተርህ ይህን አያውቅም፤ ለቆላ የተሰጠውን ቤንዚን ልክ እንደ ቆላው ያፈስሳል። ዘይቱን ብትቀንስ ቦታውን የሚሞላው ቤንዚን ስለሆነ ካንዴላው አይነጣም። ኩሽኔታውና ፒስተኑ ግን የሚለሰልሱበትን ያጣሉ።

የሚቀነሰው ጂግለሩ ነው፤ ካርቡራተሩ ሥር ያለችው፣ ቤንዚኑን መጥና የምታሳልፈው ቀዳዳ ያላት ፍሬ። ለምሳሌ 200 ቁጥር ከሆነች ወደ 190 ውረድ፤ አንድ ደረጃ ብቻ። ከዚያ ረጅም ቀጥ ያለ ቦታ ላይ በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ትንሽ ሂድ፤ ሳትለቅ ሞተሩን አጥፋ፣ ፍሪሲዮኑን ያዝና ቁም። ካንዴላውን ፈትተህ ቀለሙን እይ። የተቆላ ቡና መጀመሪያ ላይ የሚይዘው ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደርሰሃል። ጥቁር ከሆነ ሌላ አንድ ደረጃ ውረድ። ነጭ ወይም አመድማ ከሆነ ወዲያው ወደ ትልቁ ተመለስ፤ በዚያ ሁኔታ ወደ ቤትም አትንዳው።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ዱካ መንገድ ላይ ሙሉ ነዳጅ የምትሰጠው አልፎ አልፎ ነው። ነዳጅ መስጫው ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ በተጫነ ጊዜ ቤንዚኑን የሚገዛው በካርቡራተሩ ውስጥ የምትወጣዋ የምትወርደዋ መርፌ ነች። አናቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ክሊፕ አንድ ቦይ ወደ ላይ ብታደርጋት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የዳገቱን መታፈን የሚያቃልለው ከጂግለሩ ይልቅ ይህ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት ይዘህ 32 ለ 1 ቀላቅል። ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በጠርሙስ ክዳን አትገምት፤ ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ግዛ። ጄሪካኑን በደንብ ነቅንቀህ ነው ወደ ታንከሩ የምትገለብጠው።

ከለገጣፎ፦ «ባለፈው ወር መካኒኬ ሞተሬን ለደጋ አስተካክሎልኝ አሁን እንደ ፈረስ ይጋልባል። ለበዓሉ ላንጋኖ ይዘነው ልንወርድ ነው። ልጨነቅ የሚገባኝ ነገር አለ?»

አለ፤ ሳትወርድ በመጠየቅህም ደስ ብሎኛል።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፒስተን አስቀምጬአለሁ። ለደጋ ተስተካክሎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ከወረደ ኳድ የወጣ ነው። በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች አራት ጥልቅ ጭረቶች አሉት፤ ጥፍር ይይዛሉ። አሉሚኒየሙ ቀልጦ ፋሻው ላይ ስለተለሰነ ፋሻው ከቦዩ ውስጥ አይንቀሳቀስም። አናቱን በጣትህ ብትዳስሰው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ይሻክራል። ባለቤቱ «ያን ቀን ከወትሮው ይበልጥ ጎበዝ ነበር» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጣበቁ በፊት ይበረታል።

ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ከለገጣፎ ወደዚያ ስትወርድ ሞተርህ የሚስበው አየር በ10 በመቶ ገደማ ይወፍራል፤ ጂግለርህ ግን የደጋው ነው። ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይሞቃል፣ ፒስተኑ አብጦ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ላንጋኖ ደርሰህ ከመኪናው ሳታወርደው ትልቁን ጂግለር መልስ፣ ክሊፑንም ወደነበረበት ቦይ አውርድ። ቴስታታው የተላጨ ከሆነ ደግሞ እዚያ ሙሉ ነዳጅ እየሰጠህ አትቆይ፤ የመዶሻ ድምፅ የመሰለ ትክትክታ ከሰማህ ወዲያው ልቀቅ። ጂግለሮቹን በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ከመፍቻው ጋር አስቀምጥ፤ አሁን የተገጠመውን ቁጥር ፕላስተር ላይ ጽፈህ ሻሲው ላይ ለጥፍ። ማታ ደክመህ ስትመለስ የትኛው እንዳለ አታስታውስም።

ከአያት፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ 14 ዓመቱ ነው። አጎቱ ያማሃ ብላስተር 200 ሰጠው። አሁን ደግሞ ትልቅ ሲሊንደር ካልገዛሽልኝ ይለኛል። እሱን እንዴት ላሳምነው?»

እህቴ፣ ጥያቄው ስለ ሲሊንደሩ አይመስለኝም። ብላስተር 195 ሲሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር በደረሱበት ስምምነት ከ90 ሲሲ በላይ የሆነ ኳድ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ተብሏል። ይህ የመጣው ብዙ ልጆች ከተጎዱ በኋላ ነው። ልጅዎ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑን በክብደቱ ማዘንበል የሚችል አካል ግን ገና አላበጀም። ሁለት ዓመት ይቆይ። እስከዚያ ፈትቶ ይግጠመው፣ ፊልትሮ ይጠበው፣ ካርቡራተር ያጽዳ። ለሲሊንደሩ ያሰቡትን ገንዘብ ለጥሩ ሄልሜት፣ ለቦት ጫማና ለጓንት ያውሉት። 16 ሞልቶት ሲነዳም ሰው ከኋላ አያፈናጥጥ፣ አስፋልት ላይም አይውጣ። የኋላ ጎማዎቹ በአንድ አክስል ተጣብቀው እኩል ስለሚዞሩ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ እንደ መኪና አይታዘዝም።

ከሆለታ፦ «የፊልትሮውን ሣጥን ክዳን አንሥቼ ብነዳ አየር ይጨምራል አሉኝ። እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ ግን አላደርገውም። በቱ ስትሮክ ሞተር አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ከመድረሱ በፊት በኮሎው (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ቤት በኩል ነው የሚያልፈው። የበጋው አቧራ ካለፈ መጀመሪያ የሚፈጨው የኮሎው ኩሽኔታ ነው፤ እሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ክረምት ላይ የመረሬ ጭቃ ውሃ አለ። ክዳኑን መልስ፤ ስፖንጁን እጠበው፣ አድርቀው፣ የፊልትሮ ዘይት አጠጥተህ ጭመቀው። ከፊትህ ጓደኛህ አቧራ እያስነሣ የሚነዳ ከሆነ በየጉዞው አድርገው።

ከመናገሻ፦ «ማርሚታዬን ከቀየርኩ ወዲህ የመንደሩ ሰው በድምፁ ተማርሯል። ጉልበት ሳላጣ ማለዘብ ይቻላል?»

ይቻላል። ጫፉ ላይ ያለውን የድምፅ ማፈኛ ፍታው፤ ውስጡ ያለው የመስታወት ጥጥ በዘይት ርሶ ተቃጥሎ ይሆናል። በአዲስ ጠቅጥቀው። ጉልበት አይቀንስም፤ እንዲያውም ባዶውን ከሚጮኸው ይሻላል። አህያ የጫነ ወይም በፈረስ የሚሄድ ሰው ሲመጣ ግን ዝግ ማለት አይበቃም፤ ዳር ይዘህ ሞተሩን አጥፋ። የደነገጠ አህያ የጫነውን ይዞ ገደል ይገባል፤ የቤተሰቡ የወር ገቢ ማለት ነው።

ከሽሮ ሜዳ፦ «ከእንጦጦ ማርያም በኩል በጫካው ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ላይ አድርጌ፣ ነዳጅ ሳልሰጥ ሞተሩ እንዲይዘኝ አደርጋለሁ። አዲስ ፒስተን ከገባለት ሁለት ወር አልሞላውም፤ ግን ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ እንግዳ የሆነ የሲርታ ድምፅ ያሰማል።»

ይህ መኪና ላይ ጥሩ ልማድ ነው፤ ቱ ስትሮክ ላይ ግን ፒስተን ይጨርሳል። ሞተርህ ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ብቻ ነው። ነዳጁን ዘግተህ ጎማው ሞተሩን በኃይል ሲያሽከረክረው፣ ፒስተኑ በደቂቃ ብዙ ሺ ጊዜ እየወጣ እየወረደ የሚያለሰልሰው ጠብታ የለውም ማለት ይቻላል። የሰማኸው ድምፅ የዚሁ ጅማሬ ሊሆን ይችላል።

ፍጥነትህን በፍሬን ያዝ። ፍሪሲዮኑን ያዝና ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ፤ በየጥቂት ሰከንዱ አጠር አጠር ያለ ነዳጅ ስጠው፣ ዘይት ይዞለት ይመጣል። ፍሬኑ ሲሞቅ መሃል ላይ ቆመህ አብርደው። ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ደግሞ ማርሚታውን ፈትተህ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን ፒስተኑን ተመልከት። ጎኑ ለስላሳና ወጥ ከሆነ ጊዜ አለህ። የተላሰ፣ የሚያብረቀርቅ ቁመታዊ ጭረት ካየህ ግን ሳታስነሣው ሲሊንደሩን አውርደው።