ሀሺሹ ነው ያሳመመው ወይስ ስለታመመ ነው የሚያጨሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት «ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰዎች ይከታተሉኛል» ማለት ጀመረ። ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ ነው አሉን። ሀሺሽ ግን ከዚያ በፊትም ያጨስ ነበር፣ አሁንም አልተወም። ሲጋራውማ አንዱ ሳያልቅ ሌላ ነው የሚለኩሰው። አባቴ «በገዛ እጁ ያመጣው ነው» ብሎ አኩርፎታል። እናቴ ደግሞ «ስለታመመ ነው የሚያጨሰው፣ ያረጋጋዋል፣ ተዉት» ትላለች። በዚህ የተነሳ ቤታችን ሰላም አጣ። ለሱስ ሕክምና ስንወስደው «መጀመሪያ አእምሮውን አሳክሙት» አሉን፣ አእምሮ ሐኪም ጋ ስንሄድ «መጀመሪያ ሱሱን ያቁም» ተባልን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር፣ በጣም የከነከነኝ እሱ ነው። አንዱ ወደ ሌላው ሲያመላልሳችሁ ልጁ መሀል ላይ ቀርቷል። ይህ ልክ አይደለም። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ሳይኮሲስ (እንደ ስኪዞፍሬንያ ከእውነታው የሚያለያይ፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ ሕመም) ያለበትን ሰው ዕፅ ስለሚጠቀም ብቻ ከአእምሮ ሕክምና አትመልሱ፣ ሳይኮሲስ ስላለበትም ከሱስ ሕክምና አትመልሱ ይላል። ሁለቱ አብረው ነው መታከም ያለባቸው። ቢቻል በአንድ ቡድን፣ ካልሆነም እርስ በርስ በሚነጋገሩ ሁለት ሐኪሞች። ስለዚህ ተመልሳችሁ ሂዱና «ሱሱን እስኪተው አንጠብቅም፣ አሁን ጀምሩለት» በሉ። እሺ ካላሉ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ደግሞ ወንድምሽ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው በሆነ ወቅት የአልኮል ወይም የሌላ ዕፅ ችግር ነበረባቸው። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ችግሮች ናቸው፣ ለዚህ ነው «መጀመሪያ ይሄ፣ ከዚያ ያኛው» የሚለው አሠራር የማያዋጣው።

ወደ አባትሽና እናትሽ ክርክር ስንመጣ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስዊድን ውስጥ ከ45 ሺህ በላይ ወጣት ምልምል ወታደሮችን ለ15 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቷል። ሲመለመሉ ካናቢስ (ሀሺሽ የሚሠራበትን ዕፅ) ከ50 ጊዜ በላይ ተጠቅመናል ያሉት፣ ጨርሶ ካልሞከሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ነበር። ሌሎች ምክንያቶች ከግምት ሲገቡ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ገና በልጅነት የጀመረ፣ በየቀኑ የሚያጨስና ጠንካራውን ዓይነት የሚጠቀም ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። ያም ሆኖ ከሚያጨሱት አብዛኞቹ ስኪዞፍሬንያ አይዛቸውም። ሕመሙ በዘርም፣ በአንጎል ዕድገትም፣ በኑሮ ጫናም የሚመጣ ነው፣ ሀሺሽ ከእነዚህ ጋር ተደምሮ ነው የሚጎዳው። አብረውት ያጨሱ የነበሩት ጓደኞቹ ደህና ሆነው እሱ ታመመ። ይህን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር፣ አባትሽ እንዲቀጡት የሚያበቃ ጥፋት አይታየኝም።

እናትሽ ያሉትም አለ። ስኪዞፍሬንያ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ብዙ ጊዜ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚወስድ ጊዜ አለ፤ ልጁ ከሰው ይሸሻል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ትምህርቱ ይወርዳል፣ ምንም ነገር አያስደስተውም። ብዙዎች ዕፅ የሚያዘወትሩት በዚህ ወቅት ነው። ግን «ያረጋጋዋል» የሚለው ላይ አልስማማም። ለአንድ ሰዓት ቀለል ሊለው ይችላል፣ ቆይቶ ግን ድምፁና ጥርጣሬው ይብሳል። ማጨሱን የቀጠለ ሰው ሕመሙ ቶሎ ቶሎ ያገረሽበታል፣ መድኃኒቱንም ማቋረጥ ያበዛል። እንደ አምፌታሚን ያሉ አነቃቂዎች ደግሞ የባሱ ናቸው፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም የዚያው ዘመድ ነው። ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ከፍ ያደርጋሉ፣ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ደግሞ ያንኑ ዶፓሚን በመግታት ነው።

እስቲ አንድ ቀን ጸጥ ባለ ሰዓት ጠይቂው። «ለምን አትተወውም» ሳይሆን «ስታጨስ ምን ይሰማሃል፣ ምኑን ነው የምትወደው» በይው። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚመልሱት ማንም ሰው የሚመልሰውን ነው፦ ይደብረኛል፣ ብቸኛ ነኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ምናልባት አብረውት የሚያጨሱት ልጆች እንደ እብድ የማያዩት ብቸኛ ሰዎች ይሆናሉ። እነሱን ብቻ ነጥቃችሁት በምትካቸው ምንም ካልሰጣችሁት እንዴት ብሎ ይተዋል? አባትሽ ኩርፊያውን ትተው አብረውት ራት ቢበሉ ለሕክምናው ትልቅ እገዛ ነው።

ሌላው፣ ያጨሰ ቀን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ብዙ ቤተሰብ «እንዳይጋጭበት» ብሎ ያስቀራል፣ ሕመሙም ያገረሻል። ለሐኪሙ የሚጠቀመውን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩትና እሱ ይወስን። ክኒን የሚረሳ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚሰጥ መርፌ አለ፣ ጠይቁ። በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ በድንገት አታስቁሙት። የሚጥል መንቀጥቀጥና ከባድ መቃዠት ሊያመጣበት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ነው መቆም ያለበት። ራሴን አጠፋለሁ ካለ ወይም ድምፁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዳ የሚያዘው ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ስኪዞፍሬንያ አለብኝ፣ ክሎዛፒን የተባለውን መድኃኒት እወስዳለሁ። በቅርቡ ሲጋራ ጨርሶ አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ድብታ ይጫጫነኛል፣ ስተኛ ትራሴ በለሃጭ ይርሳል። ሲጋራ ማቆሜ ጎዳኝ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማቆምህ ትልቅ ነገር ነው፣ በርታ። ግን ዛሬውኑ ለሐኪምህ ደውል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ክሎዛፒንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፣ ኦላንዛፒን የተባለው ሌላው የሳይኮሲስ መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ጭሱ ሲቆም፣ በዚያው መጠን የምትወስደው መድኃኒት በደምህ ውስጥ ይጠራቀማል። የምትለው ድብታና ለሃጭ ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ በጣም ከበዛም እስከሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ሐኪምህ ደምህን አይቶ መጠኑን ሊቀንስልህ ይችላል፣ አንተ ግን በራስህ እንዳትቀንስ። የሆድ ድርቀትም ካለብህ አትናቀው፣ ንገረው። በኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር የምትታገዝ ከሆነ ቀጥል፣ መድኃኒቱ ቶሎ እንዲወገድ የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነው። ምናልባት ተመልሰህ ካጨስክም ሳታፍር ንገረው፣ ያን ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ ያንስብሃል።