ወረቀት ላይ ያለ የፈረስ ጉልበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ የመኪና አምድ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ የ2020 ሞዴል ቶዮታ ሱፕራ አለኝ። የአጎቴ ልጅ ግን ኮፈኑን በከፈትኩ ቁጥር ዕቃዎቹ ላይ የታተመውን የቢኤምደብሊው ምልክት በጣቱ እየነካ «ይኼ የጃፓን ካባ የደረበ ጀርመን ነው» ይለኛል። ለእሱ ሱፕራ ማለት የ1990ዎቹ ብቻ ነው። በየበዓሉ የምንጨቃጨቅበት ጉዳይ ስለሆነ እባክዎ ይዳኙን።
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ የአጎትዎ ልጅ ያየው ነገር እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የሰጠው ፍርድ ግን አያስኬድም። በ2019 መጀመሪያ በዲትሮይት የመኪና ትርኢት የቀረበው ሱፕራ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከቢኤምደብሊው የወሰደ፣ ሻንሲውን ከቢኤምደብሊው ዜድ 4 ጋር የሚጋራ፣ የተገጣጠመውም ኦስትሪያ ውስጥ በግራዝ ከተማ፣ በማግና ሽታየር ፋብሪካ የሆነ መኪና ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ገዢው ጥቂት ለሆነ ባለሁለት ወንበር መኪና ሲባል አዲስ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ከባዶ መንደፍ፣ ከዚያም ከአውሮፓና ከአሜሪካ የጭስ ሕግ ጋር ማስማማት ወጪውን የማይመልስ ሥራ ሲሆን፣ ቢኤምደብሊው ግን ያንኑ ሞተር ከትንንሽ ሴዳኖቹ አንሥቶ እስከ ትልልቆቹ የቤተሰብ መኪኖች ድረስ ስለሚገጥመው ወጪው ይከፋፈልለታል። በእኔ ግምት ቶዮታ ብቻዬን ካልሠራሁ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትጨቃጨቁበት መኪና ራሱ ባልኖረ ነበር።

ደግሞስ ቶዮታ ስመ ጥር የስፖርት መኪኖቹን ብቻውን የሠራው መቼ ነው? በ1967 ለገበያ የቀረበው 2000ጂቲ የያማሃ እጅ አለበት፤ የቶዮታ የቅንጦት መኪኖች መለያ የሆነው የሌክሰስ ኤልኤፍኤ ባለ10 ሲሊንደር ሞተርም እንዲሁ። 86 የሚባለው መኪና ደግሞ ከነሞተሩ ከሱባሩ ጋር የተሠራ ነው። ወደ እንግሊዝ ብንሻገር፣ በ1990ዎቹ የዓለም ፈጣን መኪና የነበረው ማክላረን ኤፍ1 ከሾፌሩ ጀርባ የያዘው የቢኤምደብሊው ባለ12 ሲሊንደር ሞተር ነበር፤ «ይኼማ ማክላረን አይደለም» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የድሮው ሱፕራ ዝናም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ቁጥር የመጣ አይደለም። ያ ባለ3 ሊትር፣ ባለሁለት ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) 2ጄዜድ ሞተር በጃፓን ወረቀቱ ላይ የተጻፈለት 280 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ አሜሪካ የገባው ግን 320 ተብሎ ነው የተሸጠው። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የጃፓን አምራቾች ከ280 በላይ ላለመጻፍ እርስ በርሳቸው የነበራቸው፣ እስከ 2004 ድረስ የዘለቀው ስምምነት ነው። ሞተሩን ስም ያሰጠው ከብረት የተቀለጠው ብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ትልቅ ቱርቦ ተገጥሞለት ጉልበቱ በእጥፍ ሲጨምር ብሎኩ ችሎ ይሸከማል። በአንጻሩ የእርስዎ ሞተር ብሎክ አሉሚኒየም ነው፤ ስለዚህ አፍንጫው ላይ ያለው ሸክም ይቀንሳል፣ መታጠፊያ ላይም መሪው ቶሎ ይታዘዛል።

እኔ የአጎትዎን ልጅ ብሆን ኖሮ ክርክሬን የማነሣው በምልክቱ ሳይሆን በካምቢዮው ነበር። መኪናው ሲወጣ የተሰጠው ኦቶማቲክ ብቻ ነው፤ ባለስድስት ማርሽ ማንዋል የመጣው ለ2023 ሞዴል ነው። የእርስዎ የ2020 ስለሆነ እዚህ ላይ መልስ የለዎትም።

ጥያቄ፦ ዱባይ እየሠራሁ የገዛሁትን ባለ2.4 ሊትር ቶዮታ 86 የኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖች እንዳይገቡ ከመከልከሉ በፊት ይዤው አገሬ ገባሁ። መኪናው ግን ያ የማውቀው መኪና አይደለም፤ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ለመቅደም ስረግጠው ዘግይቶ ይነሣል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ የነዳጅ ፓምፕም ቀየርኩ። አሁን መካኒኩ ሞተሩ ይከፈት እያለ ነው።
ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ

መልስ፦ እባክዎ ለጊዜው ሞተሩን አያስከፍቱ። ዱባይ ከባሕር ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከአምስት እጅ አንድ እጁ ያህል ይጎድላል፤ ኦክስጅን ሲጎድል የሚቃጠለው ቤንዚንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 228 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪናዎ ሳሪስ ላይ ሲቆም 180 ገደማ ቀርቶታል ማለት ነው። የጎደለውን በካንዴላም ሆነ በፓምፕ መመለስ አይቻልም።

ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉድለት ይሸፍነዋል፤ ይሁንና ቱርቦው ለዚያ ሲል በፍጥነት መሽከርከርና የበለጠ መሞቅ ስላለበት ዘይት በሰዓቱ ካልተቀየረለት ዕድሜው ያጥራል። የእርስዎ 86 ግን ቱርቦ የለውም። ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ በመሆኑ፣ በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ቢረግጡት አይሰማዎትም፤ አንድ፣ ካስፈለገም ሁለት ማርሽ ወርደው ሞተሩ እንዲጮኽ ይፍቀዱለት።

መካኒኩን ሳይከፍሉ የሚያደርጉት ፈተናም አለ። የአየር ማጣሪያውን ካጸዱ በኋላ መኪናውን ይዘው ወደ አዋሽ ሰባት ይውረዱ። ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዳማ በኋላ መኪናው ትንፋሹ እየተመለሰለት እንደሚሄድ ይሰማዎታል። በረሃው ሞቃት መሆኑ ጥቂት ይቀንስበታል፤ ሞቃት አየርም ስስ ነውና፤ የዱባይ ነሐሴም እኮ እንዲሁ ነበር። አዋሽ ደርሶም ከደከመ መካኒኩ ልክ ነው፣ ይክፈተው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። ልጄ «ድምፅ የሌለው መኪና ስፖርት መኪና ሊባል አይችልም» ይለኛል። እርስዎስ?
ከአዳማ

መልስ፦ ቀጥታ መንገድ ላይ ክርክር የለም። የቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌድ 1,020 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስም ከላይ የጠየቁን የሳሪሱ አንባቢ ያጡትን እሱ እንጦጦ አናት ላይ እንኳ አያጣም። እኔን የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። ያው ቴስላ ከ2.1 ቶን በላይ ሲመዝን፣ በጉልበቱ ማንም የማይደነግጥለት ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ግን አንድ ቶን ከትንሽ ነው፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሹፌሩን የሚያስቀው ግን ማዝዳው ነው።

ይህ የባትሪ ጥፋት ብቻ እንዳይመስልዎት። ከ1998 ጀምሮ የተሠራው ቢኤምደብሊው ኤም5 400 የፈረስ ጉልበትና 1.8 ቶን ገደማ ነበረው፤ በ2024 የወጣው፣ ባለ8 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተርና ባትሪ አንድ ላይ የያዘው ኤም5 727 የፈረስ ጉልበት ይዞ 2.4 ቶን ደርሷል። ስምንት ጎልማሳ ሰው ጭኖ እንደመሄድ ነው።

ድምፅን በተመለከተ፣ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን በሌለ ካምቢዮ ማርሽ እንደሚቀይር አድርጎ እየተንገጫገጨና በድምፅ ማጉያ እያገሣ እንደሚሄድ ስሰማ መጀመሪያ ስቄ ነበር። አሁን ግን አልስቅም፤ ሹፌሩ ፍጥነቱን በጆሮው መለካት ይፈልጋል፣ ሐሰተኛ ቢሆንም ከዝምታው ይሻለዋል። ልጅዎ በዚህ በኩል ልክ ነው።

መኪናውን ሲገዙ የጎማውን ነገር አደራ። የቀላል ሴዳን ጎማ መጠኑ ስለገጠመ ብቻ ከባድ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ አይገጠምም፤ ጎኑ ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም ቁጥር አምራቹ ካዘዘው እንዳያንስ ቆጥረው ይግዙ።