የጨርቅ ዳይፐሩ ታጥቦም ለምን ይሸታል?

«የ5 ወር ልጄን የጨርቅ ዳይፐር ነው የማደርግለት። በኦሞ አሽቼ አጥበዋለሁ፣ ማለስለሻም እጨምርበታለሁ፣ ከገመድ ላይ ሳወርደው ደስ የሚል ሽታ አለው። ልጁ አንዴ ሲሸናበት ግን ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያመጣል። አሁን አሁን ደግሞ ማፍሰስ ጀምሯል። በረኪና ልጨምርበት?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ እህቴ።

መጀመሪያ በረኪናውን አርቂው። ሽንት ያለበት ጨርቅ ላይ በረኪና ሲፈስ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲሆን ይብሳል። ላስቲኩንም ይበላዋል።

ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው ማለስለሻው ላይ ነው። ላውንደሪ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዳንድ ፎጣ ይመጣል፣ ሲነኩት ልስልስ ያለ፣ ገላ ሲያደርቁበት ግን ውሃውን ወዲያ ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አይመጥም። ማለስለሻው ክሩን እንደ ቅባት ስለሚሸፍነው ነው። ያንቺም ዳይፐር የሚያፈሰው በዚሁ ይመስለኛል። መቀመጫውን ቫዝሊን የምትቀቢው ከሆነም ያው ነው።

ለማረጋገጥ ታጥቦ የደረቀ ዳይፐር አንሺና ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ወዲያው ከሰረገ ደህና ነው፤ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ከቆመ ክሩ ተሸፍኗል። ከዚያ ያንኑ ዳይፐር ለብ ያለ ንጹህ ውሃ ውስጥ ክተቺና እሺው። አረፋ ካወጣ ሳሙናው አልለቀቀም። አረፋ ሳይኖር ውሃው ከደፈረሰና ከሸተተ ግን ተቃራኒው ነው፣ እጥበቱ አንሶታል።

ሽታው አሞኒያ ነው። ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ነው ወደዚያ የሚለውጠው፤ ክሩ ውስጥ ቆሻሻና ባክቴሪያ ከቀረ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ምንም አይሸትም፣ አዲስ ሽንት ሲያገኝ ግን ወዲያው ይነሳል።

እንዲህ አድርጊ። የውስጡን የጥጥ ጨርቅ ከሽፋኑ ለይተሽ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በትንሽ ኦሞ እሺው፣ ከዚያ ውሃው አረፋ እስኪያጣና ኩልል እስኪል ደጋግመሽ አለቅልቂው። ሦስት አራት ሳፋ ውሃ ሊፈጅ ይችላል፤ ውሃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ ውሃ በሚመጣበት ቀን አድርጊው፣ የመጨረሻውንም ማለቅለቂያ አትድፊው፣ ለነገው ዳይፐር መጀመሪያ መንከሪያ ይሆንሻል። ውሃ የማያሳልፈውን የውጪ ሽፋን ግን እንዳትቀቅይው፣ ይሰነጣጠቃል። ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ ማለስለሻ የሚባል አታስጠጊው። ሽንት የነካውን እንዳወለቅሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፣ በተለይ ሌሊት ያደረበትን፤ እሱ ነው ከሁሉ የሚሸተው። ካካ ካለበት ሽንት ቤት አራግፈሽ፣ አሁንም በቀዝቃዛ። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ካገኘው እድፉ ክሩ ላይ ይነክሳል። ክዳን ባለው ባልዲ ዘፍዝፈሽ ሁለት ቀን አታቆዪው። ቢጫ የቀረበትን እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ከሰዓት ስታይው ደብዝዞ ታገኚዋለሽ። ሽፋኑን ጥላ ላይ።

የልጁ መቀመጫ ቀልቶ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሪለት፣ ትንሽም አየር ያግኘው። በ2 ወይም በ3 ቀን ካልተሻለው ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽበት ጤና ጣቢያ ውሰጂው።