የከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ፎልደሮችን ስለማደራጀት ለተጠየቀው፣ ከደረሰብን በመነሣት

ጠያቂያችን «በትርፍ ጊዜያችን የምንጽፈው ከርነል ፋይሎቹ በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀዋል፤ የፕሮሰሰሩን፣ የድራይቨሮቹንና የፋይል ሲስተሙን ኮድ እንዴት እንለያየው?» ብለዋል። እኛም ባሕር ዳር ላይ አራት ሆነን የጀመርነው ከርነል ከዚሁ ደርሶ ነበርና የእርስዎም ጉዳይ ከዚያ የራቀ አይመስለኝም። ለፎልደሮቹ የታወቀውን ከርነል የሊነክስን ስያሜ፣ ማለትም አርች (የፕሮሰሰሩ ኮድ)፣ ድራይቨርስ (መሣሪያዎችን የሚያሠራው ኮድ)፣ ኤፍኤስ (ፋይል ሲስተም) እና ኤምኤም (የሜሞሪ አስተዳደር) የሚሉትን ቢወስዱ ይበቃል፤ ሰው የሚከራከረው በስሙ ነው፣ የሚጎዳው ግን ሌላ ነው።

1. ፋይል የሚያዛውረው ኮሚት (በአንድ ጊዜ የሚመዘገብ የለውጥ ጥቅል) ይዘቱን አይንካ። የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት ዝውውርን አይመዘግብም፤ የጠፋውንና አዲስ የመጣውን ፋይል አነጻጽሮ ቢያንስ 50 በመቶ ሲመሳሰሉ ነው ስም እንደተቀየረ የሚቆጥረው።

2. ይህን ሳላውቅ አንድ ምሽት ግሽ ዓባይ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ተቀምጬ ፋይሎቹን ሁሉ አዛወርሁ፤ በዚያው ሞቅታ የፋንክሽኖቹን ስም ለወጥሁ፣ ትርፍ የመሰሉኝን መስመሮች ሰረዝሁና ሁሉንም በአንድ ኮሚት አስገባሁ። ከርነሉ ያለ ችግር ስለተነሣ ኮርቼ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን ዲስኩን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ ደርቆ እንደሚቀር ታወቀ። ስህተት የገባበትን ኮሚት እያጋመሰ የሚፈልገው ጊት ባይሴክት ወደዚያች ኮሚት አደረሰንና በዚያው ቆመ፤ አብዛኞቹ ፋይሎች «የተሰረዘ» እና «አዲስ» ተብለው ስለተመዘገቡ የትኛው መስመር እንደተነካ የሚለይበት መንገድ አልነበረም። መብራት በሄደ ቁጥር በላፕቶፕ ባትሪ እየሠራን መስመር በመስመር በዓይን አነጻጸርን። በ19ኛው ቀን የተገኘው ጥፋት፣ ለሁለተኛው የኢንተራፕት ተቆጣጣሪ ቺፕ (እንደ ዲስክ ያሉ መሣሪያዎች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበትን ምልክት ለሚያስተላልፈው) «ጨርሻለሁ» የሚል ምልክት የምትልክ፣ እኔው የሰረዝኋት አንዲት መስመር ነበረች። በዚያ ላይ ኮምፒውተር ያዋሰን መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ «ወረቀት ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ ማዛወርም ሥራ ሆኖ ነው?» ብሎ ማሽኑን ወሰደብን። ስሙን አላነሣም፤ ንግግሩን ግን አልረሳሁትም።

3. ሊነክስ ራሱ ጥር 2008 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.6.24 እትም የኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮችን የ32 እና የ64 ቢት ፎልደሮች ወደ አንድ አርች ኤክስ86 ሲያመጣ፣ በመጀመሪያ ፋይሎቹ 32 እና 64 የሚል ቅጥያ እየተሰጣቸው እንዳሉ ተዛወሩ፤ ጥንድ ጥንዶቹን ማዋሐዱ ቀስ በቀስ በኋላ የመጣ ነው። እኛም ሁለተኛውን ዙር እንዲሁ ሠራነው። የስህተት መልእክቶች ውስጥ የሚገባው የፋይል ዱካ ፋይሉ ሲዛወር አብሮ ስለሚለወጥ እሱን አስወግደን፣ ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ ከባዶ እየገነባን የቀድሞውንና የአዲሱን ከርነል ባይት በባይት አነጻጸርን፤ አንድም ልዩነት አልወጣም።

ለዚህ ግን ሜክፋይሉ (የግንባታ መመሪያው) ኦብጀክት ፋይሎቹን፣ ማለትም ወደ ማሽን ኮድ የተተረጎሙትን ቁርጥራጮች፣ የሚያገናኝበት ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። እኛ አንድ ጊዜ በፊደል ተራ እንዲሰለፉ ብንተወው የማስነሻው ፋይል ወደ ኋላ ተገፋ፤ የመልቲቡት ራስጌ (ከርነሉን ለአስነሺው የሚያስተዋውቀው ምልክት) በመጀመሪያዎቹ 8192 ባይቶች ውስጥ ካልተገኘ ደግሞ አስነሺው ፕሮግራም ግረብ ከርነሉን አይቀበለውም። ከሁሉ በፊት ባልደረቦችዎ በእጃቸው ያለውን ብራንች (ለየብቻ የሚሠሩበትን የኮዱን ቅርንጫፍ) ወደ ዋናው እንዲያስገቡ ቀን ቁረጡላቸው፤ የእኛ አንዱ ልጅ ዘግይቶ ሲያመጣ ግማሹን ሥራ እንደገና በእጁ ነው የጻፈው።