«እኔ ምን ተሳተፍሁ?»

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ለዝሆኔ በሽታ ጥናት የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ሳነብ «የጥናቱ ተሳታፊ እንደመሆንዎ» የሚለው ላይ ስደርስ አንድ አባት «እኔ ምን ተሳተፍሁ? ደም ሰጠሁ እንጂ» አሉኝ። ቃሉ ስሕተት ነው? ደግሞስ «በሽተኛ» ልበል ወይስ «ታካሚ»? በቅጹ ላይ የበሽታው ስምስ ምን ተብሎ ይጻፍ?

መልስ፦ እኒያ አባት ቃሉን ቅጹን ከጻፈው ሰው ይበልጥ ያውቁታል።

«ተሳተፈ» ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው፤ «ሱታፌ» የቅርብ ዘመዱ ነው። ትርጉሙ መካፈል፣ ድርሻ መያዝ፣ ባልንጀራ መሆን ነው። እናንተ አገር ያለውን የጽዋ ማኅበር ያስቡት። ማኅበርተኛው ተራው ሲደርስ ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፤ ቀን ሲለወጥ ይጠየቃል፤ አዲስ ሰው ሊገባ ሲል ቃሉ ይሰማል። ለዚያ ድግስ ጋን ያዋሰው ጎረቤት ግን ይመሰገናል፣ ጋኑም ይመለስለታል እንጂ ማኅበርተኛ አይባልም። አባታችንም ጋን እንዳዋሰው ጎረቤት ናቸው፤ ያውም የእርሳቸው ጋን አልተመለሰም።

የዛሬው የጽሕፈት አማርኛ አንዱን «ተሳታፊ» ሁለት ሥራ አሸክሞታል። ደም የሰጠውም ተሳታፊ ይባላል፤ ምን ይጠና፣ እንዴት ይጠየቅ፣ ውጤቱ ለማን ይነገር ብሎ ከተመራማሪው ጋር የመከረውም ተሳታፊ ይባላል። በእንግሊዝ አገር ሕዝብ በጤና ምርምር እንዲሳተፍ ለማበረታታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 የተቋቋመው፣ በኋላ ኢንቮልቭ የተባለው አካል ይህን ልዩነት ያስቀመጠው በመስተዋድድ ነው፤ ሕዝብን ማሳተፍ ማለት ጥናቱ ከሕዝቡ ጋር ወይም በራሱ በሕዝቡ ሲካሄድ ነው፤ በሕዝቡ ላይ፣ ስለ ሕዝቡ ወይም ለሕዝቡ ሲካሄድ አይደለም።

አማርኛችን ለዚህ ከመስተዋድድም የቀረበ መሣሪያ አለው፤ ግሡ ላይ ይለጥፈዋል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ምን ያህል እንደሚራራቁ ፍርድ ቤት የቆመ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እንዲሁ «ተጠናበት» ይባላል፣ «ተጠናለት» ይባላል። ልብ ይበሉ፣ «ተጠናለት» ደግ ቢመስልም ሰውየው ያው ተቀምጦ ጠባቂ ነው። «አብሮ አጠና» ሲባል ብቻ የግሡ ባለቤት ይሆናል። «ማሳተፍ» ራሱ አድራጊና ተደራጊ አለው፤ አሳታፊው ቢሮው፣ ተሳታፊው ተጠርቶ የመጣው ሰው። ስለዚህ «ኅብረተሰቡን አሳትፈናል» የሚል ሪፖርት ሳነብ ማን ምን እንደ ወሰነ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አላገኘውም፣ ይህም ያሳዝነኛል።

ነገሩ የቃል ብቻ አይደለም። በወላይታ ለዝሆኔ በዘር የሚመጣን ተጋላጭነት ለማጥናት የተነሡ ተመራማሪዎች ደም ከመውሰዳቸው በፊት ነዋሪውን ጠየቁ። የሰዉ ስጋት የዘር ነገር ሲነሣ ሕመምተኛው ይበልጥ እንዳይገለል ነበር፤ የፈቃድ አጠያየቁም ይህን አይቶ ተዘጋጀ። ሰሜን ሸዋም ዝሆኔ ያለበት ደጋ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋ በሽታው የሚመጣው በቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው፤ ጫማና እግርን መታጠብ ይከላከሉታል። ነገር ግን አንድ ቅጽ ሳይጠነቀቅ «የዘር» ካለ፣ ያቺ ቃል የአንዲትን ልጅ ትዳር ልታስቀር ትችላለች። ይህን ለተመራማሪው የሚነግረው እዚያው የሚኖር ሰው ነው።

እንግዲህ ለቅጽዎ፦ ደም ለሚሰጠው «በዚህ ጥናት ደም ለመስጠት የፈቀዱ» ይበሉ፤ ረዘም ይላል፣ ግን እውነት ነው። «ተሳታፊ» የሚለውን ከጥያቄው መነሻ ጀምሮ ለመከረው ያቆዩለት። በሪፖርት ላይ «ከታካሚዎች ጋር ተመክሮ የተዘጋጀ» ቢባል ያምራል፤ የሚባለው ግን በእርግጥ ከተመከረ ነው።

«በሽተኛ» ፊት ለፊት ሲነገር ይከብዳል። «ታካሚ» ሕክምና ለሚከታተል ሰው ትክክል ነው፤ ሕክምና ላላገኘው «ሕመምተኛ» ይሻላል።

የበሽታውን ስም በተመለከተ፣ «ዝሆኔ አለብዎት?» ተብሎ ይጻፍ ወይስ «እግርዎ ያብጣል?» የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ ልወስንልዎ አልችልም። ቅጹ ከመታተሙ በፊት እኒያን አባት ይጠይቋቸው።