የቤት ጠላ ስንት ያስወጣል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዓል ሲቃረብ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ ጠላ ልጥመቅ ወይስ ቢራ በሳጥን ልግዛ? እህሉም ጌሾውም ሲወደድ ደግሞ ጥያቄው ባሰ። ስለ ወጪው የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እባክዎ ባጭሩ ይንገሩኝ። ለአንድ በዓል የሚሆን ጠላ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ልጄ፣ ቁርጥ ያለ ብር ብነግርሽ በሳምንቱ ውሸታም ታደርጊኛለሽ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህማ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። ይልቅ መጠኑን ልስጥሽ፤ ዋጋውን ከሰፈርሽ ገበያ ጠይቀሽ አስገቢበት።

ወደ 25 ሊትር ለሚሆን ጠላ እኔ የምይዘው ይኸ ነው። ለአሻሮ (ተቆልቶ ለሚፈጨው እህል) 5 ኪሎ ገብስ፣ 1 ኪሎ ተኩል ብቅል፣ ግማሽ ኪሎ የጌሾ ቅጠል፣ ሩብ ኪሎ የጌሾ እንጨት። ሌላው ውሃ ነው።

አሁን ለስሌት ብቻ የሚሆን ዋጋ እንያዝ። ገብሱ በኪሎ 100፣ ብቅሉ 150፣ ጌሾው 240፣ ወፍጮ በኪሎ 5፣ ማገዶና መብራት በጠቅላላው 160 ብር ይሁን። ገብሱ 500፣ ብቅሉ 225፣ ጌሾው 180፣ ወፍጮው 35፣ ማገዶው 160። ድምሩ 1,100 ብር ይመጣል። ለ25 ሊትር ሲካፈል ሊትሩ 44 ብር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እዪ። ገብስና ብቅል ብቻቸውን 725 ብር ወሰዱ። ጌሾው ከማገዶና ከወፍጮው ድምር እንኳ ያንሳል። ገበያ ላይ ግን ከጌሾ ነጋዴዋ ጋር ግማሽ ቀን እንከራከርና፣ ብቅሉን አይተን እንኳ ሳናሸት እንገዛለን። ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ብቅል እንዴት ገንዘብ ያጠፋል? ያው የበቀለ ገብስ አይደል?

መልስ፦ ነው፤ ግን ሥራ አለው። አሻሮው ተቆልቷል። የተቆላ እህል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይርበት ኢንዛይም አይኖረውም፤ እሳት ገድሎታል። እርሾ ደግሞ ስታርች አይበላም፣ ስኳር ነው የሚበላው። በመካከል ሆኖ ስታርቹን የሚፈታው ብቅሉ ብቻ ነው። ብቅሉ ደካማ ከሆነ ወይም ካነሰ፣ 500 ብር ያወጣችሁበት ገብስ ሳይፈታ ድፍድፉ (ወፍራሙ ድብልቅ) ውስጥ ይቀርና አተላ ሆኖ ይወጣል። ጠላው ቀጥኖ፣ ሳይጠነክር ይቀራል። ከዚያ «ጌሾው ነው የበላኝ» ይባላል።

ጥሩ ብቅል ሲታኘክ ይፈረካከሳል፤ ጣፈጥ ይላል። እንደ ጥሬ ገብስ ጥርስ የሚሰብር ከሆነ በደንብ አልበቀለም። ሻጋታ ሻጋታ የሚሸተውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። የተፈጨ ብቅል ባትገዙ ይሻላል። ምን እንደተቀላቀለበት በምን ታውቃላችሁ?

ጥያቄ፦ ታዲያ ብቅሉን ራሴ ባበቅል ምን ያህል አተርፋለሁ?

መልስ፦ በብር ብዙ አይደለም። አንድ ኪሎ ገብስ በቅሎና ደርቆ ከ800 ግራም ብዙም አይበልጥም። በላይኛው ምሳሌ ብንሄድ፣ 100 ብር ገብስ 800 ግራም ብቅል ሰጠ፤ ኪሎው 125 ብር ገባ። ገዝታችሁ 150 ነበር። ለ1 ኪሎ ተኩል ልዩነቱ 40 ብር አይሞላም። ትርፉ ጥራቱ ላይ ነው፤ ምን እንደያዛችሁ ታውቃላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገብሱን አጥባችሁ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ አሳድሩ። አጥልሉትና በኮባ ቅጠል ወይም በንጹሕ ጆንያ ጠቅልሉት፤ ከላይ ጫን በሉት። ሞቃት አገር በ3 ቀን ይደርሳል፤ ደጋ ላይ 5 እና 6 ቀን ይወስዳል። በየቀኑ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ከሞቀው አገላብጡት። ሥሩ ወጥቶ ቡቃያው የፍሬውን ርዝመት ሲያህል ፀሐይ ላይ አስጡት። ከዚያ ካለፈ ስኳሩን ራሱ ቡቃያው ይበላዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ ገብስ አለ፤ አንዳንዴ ቀለሙ ቀላ ወይም አረንጓዴ ይላል። እሱን ለብቅልም ለአሻሮም አትንኩት። ስታጥቡት ይሄዳል የሚላችሁን አትስሙ።

ጥያቄ፦ ከጎጃም ነኝ። እኛ ገብስ ሳይሆን ዳጉሳ ነው የምናውቀው። ይረክሳል?

መልስ፦ እናንተ ጋ የሚረክሰውን እናንተ ታውቃላችሁ! ጠላ በየአገሩ የሚጠመቀው በሚበቅለው እህል ነው። ሸዋ ደጋው ገብስ ይለዋል፤ ጎጃም ዳጉሳ፤ ቆላው ማሽላና በቆሎ። ሩቅ የመጣ እህል የመኪናውን ኪራይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቅርብ ያለውን መጠቀም ያዋጣል።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ በቆሎ ከገብስ ረክሶ ሲገኝ ከአሻሮው ግማሹን በበቆሎ መተካት ትችላላችሁ። ጠላው ቀለል ይላል፣ መልኩም ይነጣል፤ ግን ጠላ ነው። ብቅሉን ግን ከገብስ አታውጡ። ኢንዛይሙ ጠንካራ ስለሆነ የበቆሎውንም ስታርች ይፈታዋል።

ጥያቄ፦ ስኳር ብጨምርበት እህሉን መቀነስ አልችልም?

መልስ፦ ትችላለህ፤ ግን ጠላ አትበለው። በ25 ሊትር ላይ 1 ኪሎ ስኳር ብትጨምር አልኮሉን ከ2 በመቶ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጉልበት ይሰጣል፤ ወዝ ግን አይሰጥም። አፍ ላይ ውሃ ውሃ የሚል፣ ራስ ላይ ግን የሚወጣ ነገር ይሆናል። እንግዳህ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ያቆማል፤ ያኔ ቁጠባው ተሳክቶልሃል።

ጥያቄ፦ ጌሾው አሁን በጣም ተወዷል። በግማሽ ብቀንስስ? ደግሞ ቅጠሉና እንጨቱ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ በምሳሌው መሠረት ግማሹን ብትቀንሺ 90 ብር አተረፍሽ። በሊትር 4 ብር እንኳ አይሞላም። በምላሹ ጠላሽ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ምክንያቱም ጌሾ ለምሬት ብቻ አይደለም የሚገባው። የሚያኮመጥጡትን ተህዋስያን ያዝ ያደርጋል፤ ቅጠሉም እርሾ ይዞ ይመጣል። ጥንስሱን (መጀመሪያ የሚፈላውን ድብልቅ) የሚያስነሳው አንዱ እሱ ነው። በ90 ብር ሙሉ ጋን አታበላሺ።

ቅጠሉ ተወቅጦ ለጥንስሱ ይሆናል። እንጨቱ ቆይቶ ድፍድፉ ላይ ይገባል፤ ምሬቱን ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ከተወደደብሽ እንጨቱን ቀንሺ፤ ቅጠሉን አትንኪ።

ሲገዛ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ በእጅ ሲታሽ የሚሸት ይሁን። ቡናማ የሆነው ከርሟል፤ ስለዚህ እጥፍ ያስገባሻል። በዓል ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሁሉም ጌሾ ፈላጊ ይሆናል። ከወር በፊት ገዝተሽ ደረቅና ጨለማ ቦታ ብታስቀምጪው ምንም አይሆንም። ገብስም እንዲሁ ነው። መኸሩ ተወቅቶ ገበያ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነሐሴ ላይ ለእንቁጣጣሽ መግዛት ግን ጎተራው ባዶ ሲሆን ጠብቆ መግዛት ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ማገዶ የለም፣ ጋን የለም። በመብራት ብቆላ ቆጣሪው አይጨርሰኝም?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አሻሮ ቆልተህ፣ እንኩሮ አንኩረህ (ዱቄቱን በውሃ ለውሰህ ምጣድ ላይ አብስለህ) 3 ሰዓት ብትፈጅ 10 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። አንዴ ቢሆን አይጎዳም። ግን ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ስለሚወደድ፣ የወሩን ፍጆታህን ወደ ላይኛው እርከን ከገፋው ይሰማሃል።

እኔ የማደርገው ይኸ ነው፤ እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ ምጣዱ ገና እንደጋለ ገብሱን እቆላለሁ። ማሞቂያው ወጪ በእንጀራው ተከፍሏል። አሻሮውን ስትቆላ ቡናማ እስኪሆን በቂ ነው፤ ካረረ መራራ ነው፣ ጥቅሙም ይቀንሳል።

ስለ ጋኑ፣ ለምግብ የተሠራ የፕላስቲክ በርሜል ይበቃል። ቀለም፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ግን አትጠቀም። ፕላስቲክ በወይራ አይታጠንም፤ የጭሱ ቃና ይቀርብሃል። ያንን ቃና ከፈለግህ ትንሽ የሸክላ እንስራ አጥነህ፣ ከበርሜሉ የተጠለለውን እሱ ላይ ገልብጠህ አሳድር። በግራዋ ማጠቡን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ሁሌ ይተርፍብኛል፣ ይኮመጥጣል፣ እደፋዋለሁ። ይኸም ወጪ አይደል?

መልስ፦ እንዴታ! ትልቁ ወጪ። ድፍድፉን በሙሉ አንዴ መበጥበጥ ነው ጥፋቱ። ድፍድፍ ወፍራም እንደሆነ አፉ በደንብ ተመርጎ ሳምንታት ይቆያል። ውሃ ከገባበት በኋላ ግን በጥቂት ቀን ነው የሚጠጣው። ለበዓሉ ዋዜማ ግማሹን በጥብጪ፤ ሌላውን ለጥምቀት፣ ለክርስትና፣ ለማኅበር አስቀምጪ። የመጀመሪያው ከተጠለለ በኋላ ደግሞ ውሃ ጨምረሽ ቅራሪ አውጪ። ለልጆችም ሆነ ለሠራተኛ እንዳይመስልሽ፤ ቀጠን ይበል እንጂ አልኮል አለው። ለጎረቤት ቡና ላይ ግን እኔ ቅራሪ ነው የምመርጠው።

ጥያቄ፦ ከቢራ ጋር ሲነጻጸርስ? በእውነት ያዋጣል?

መልስ፦ አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ፣ ባለ 330 ሚሊ ሊትር፤ 8 ሊትር አይሞላም። 25 ሊትር ጠላ ከ3 ሳጥን በላይ ነው። የ3 ሳጥን ዋጋ ከእህላችሁ ወጪ ጋር አስተያዩት። ቢራው ውስጥ ኤክሳይስ ታክስ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ አለ፤ ጠላው ውስጥ የእናንተ ድካም አለ። ድካማችሁን በቀን ሠራተኛ ዋጋ ብትቆጥሩት ልዩነቱ ይጠባል። እኔ አልቆጥረውም። ሰው ሁሉ የበዓል ሥራውን በብር ቢቆጥር ዶሮ ወጥ የሚሠራ አይገኝም ነበር።

ጥያቄ፦ ጠላ ሳይሆን የፋብሪካ ዓይነት ቢራ ቤቴ መጥመቅ ብፈልግስ?

መልስ፦ ለ20 ሊትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ የቢራ ብቅል፣ ከ30 እስከ 60 ግራም ሆፕ (ቢራን መራራ የሚያደርገው አበባ)፣ 11 ግራም የቢራ እርሾ ነው የሚፈልገው። ብቅሉ አገር ውስጥ ይመረታል፤ አሰላና ጎንደር ፋብሪካ አለ። ችግሩ ፋብሪካዎቹ ለቢራ ጠማቂዎች በብዛት ነው የሚሸጡት፤ ለአንተ 5 ኪሎ የሚመዝንልህ የለም። ሆፕና እርሾው ከውጭ ነው። ክብደታቸው ትንሽ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣልህ ይችላል። ጠርሙስ ውስጥ አረፋ እንዲይዝ ለ20 ሊትር ከ120 እስከ 140 ግራም ስኳር ይበቃል። አብዝተህ ብትጨምር ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ። እዚህ ጌሾ በሐበሻ ሱቅ አለ፤ ብቅል ግን ውድ ነው። ሕጉስ?

መልስ፦ ሕጉ ላይ ችግር የለብሽም። በአሜሪካ በፌዴራል ደረጃ የቤት ቢራ ከ1978ቱ ሕግ ወዲህ ለራስ መጠጫ ይፈቀዳል። አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ 200 ጋሎን ነው። መሸጥ ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ «ለቤተ ክርስቲያን ነው» ቢባልም።

ብቅሉን ከሐበሻ ሱቅ በትንንሽ ፌስታል ከመግዛት የቤት ቢራ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሂጂ። ፈካ ያለውን የገብስ ብቅል ጠይቂ። ካራሜል ወይም የተቆላ ብቅል እንዳትወስጂ፤ እሱ ኢንዛይሙ ሞቷል፣ አሻሮሽን አይፈታልሽም።

ጥያቄ፦ እኔ ሪያድ ነኝ። ለፋሲካ በድብቅ ትንሽ ብጠምቅስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አታድርጊው። ሳዑዲም ኩዌትም አልኮል መጥመቅ ወንጀል ነው፤ እስርም ከአገር መባረርም አለው። ብርዝ ሥሪ። ማር በውሃ በጥብጠሽ፣ ጌሾ ሳታስገቢ፣ በዚያው ቀን ይጠጣ። እንዳይፈላ አታሳድሪው።

ጥያቄ፦ ጠጅስ? ስለሱ ምንም አላሉም።

መልስ፦ ጠጅ የሀብታም ጨዋታ ሆኗል። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ ብትይዝ፣ 5 ኪሎ ማር 17 ሊትር ገደማ ይሰጥሃል። የአንድ ኪሎ ማር ዋጋ በ5 አባዛና ለ17 አካፍል፤ ጌሾው እዚህ ከቁጥር አይገባም። ርካሽ ጠጅ ካገኘህ ስኳር ነው የምትጠጣው።

ጥያቄ፦ አተላው ምን ይደረግ? እኛ ሰፈር ቱቦ ውስጥ ነው የሚደፉት።

መልስ፦ ኧረ ነውር ነው! ለላም፣ ለበግ መኖ ነው። ከተማ ዳር የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች ይገዙታል። ጥቂት ቢሆን ገንዘብ ላይሰጡህ ይችላሉ፤ ወተት ግን ይሰጡሃል። ከተጠለለ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይውሰዱት። ከዚያ ካለፈ ይሻግታል፣ ከብቱንም ያማል።