ልጅሽን ሲኒማ ከመውሰድሽ በፊት ጨለማውን አስለምጂው

«የ3 ዓመት ተኩል ልጄ በዝናቡ ቤት ተዘግቶ አሳበደኝ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ሲኒማ ብወስደውስ?» ላልሽው እህቴ፣ ልጅሽ ቁርጥ የእኔን ነው የሚመስለው። የእኔዋም ያኔ 4 ዓመት አልሞላትም። ሐምሌ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። ሶፋ ላይ መዝለል ሰልችቷት ቁም ሳጥን መውጣት ጀምራለች።

1. የማታውን ፊልም ተዪው። ሲያልቅ ይመሻል። በዝናብ ባጃጅ ካገኘሽ ደግሞ ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም ይልሻል።

2. ጋቢ እና ትርፍ ካልሲ ያዢ። የተሳፈርንበት ባጃጅ ሸራው በአንድ በኩል የተቀደደ ነበር፤ የልጄ እግር እንደራሰ ነው አዳራሽ የገባችው።

3. ምግብ ከቤት አብሊው። በር ላይ ፈታሹ የልጄን ዳቦና ውኃ ከቦርሳዬ አውጥቶ አስቀረው። ውስጥ ያለው ፈንዲሻ ብቻ ነው። ፈንዲሻ ደግሞ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም፣ ያንቃል። በዚያ ጨለማ ቢያንቀው በምን ታዪዋለሽ? ይህን ለፈታሹ ባስረዳው «ሕግ ነው» አለኝ። ጭኔ ላይ ለምትቀመጥ ልጅ ሙሉ ትኬት ያስቆረጡኝም በሕግ ነው እንግዲህ።

ቁጥሩ ይቅርና ዋናውን ልንገርሽ። ፊልሙን አጣርቻለሁ፤ ደም የለበትም፣ ጩኸት የለበትም። ጨለማውን ግን አላሰብኩትም። ገብተን መሀል ረድፍ ላይ ተቀመጥን። መብራቱ ሲጠፋ ልጄ በሙሉ ድምጿ «መብራት ሄደ! ሻማ አምጡ!» አለች። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ጠበቀች። ቤት መብራት ሲሄድ እናቷ ተሯሩጣ ሻማ ታበራለች፣ እዚህ የሚነሳ ሰው የለም። ከዚያ ለቅሶውን ለቀቀችው። አቅፌያት የስንቱን ጉልበት እየረገጥኩ ወጣሁ።

ትኬት ቆራጯ ጋ ሄጄ «ፊልሙ ገና አልጀመረም፣ ብሬን መልሺልኝ» አልኳት። ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም።

«ትኬቱ ተቀዷል።»

«እሺ፣ ለሌላ ቀን ይሁንልኝ።»

«ተቀዷል አልኩህ!»

ዝናቡ እስኪያባራ የአዳራሹ በረንዳ ላይ ቆምን። ቤት ስንደርስ አማቴ «ለጨለማ ገንዘብ ትከፍላለህ? ቤትህ ሞልቶልህ የለም?» አለችኝ። እስካሁን ታነሳብኛለች።

እልህ ያዘኝ። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሲኒማ ሲኒማ ተጫወትን። እሷ ትኬት ትቆርጣለች፣ እኔ እገባለሁ፣ መብራት እናጠፋለን፣ ጋቢ ውስጥ ሆነን በስልክ አጭር ነገር እናያለን። በመጀመሪያው ቀን አንድ ደቂቃም አልቆየች። በሦስተኛው መብራቱን ራሷ አጠፋችው። ብሬን መልሺልኝ ስላት «ተቀዷል!» ትለኛለች። ይቺን ማን እንዳስተማራት ታውቂያለሽ።

ነሐሴ ላይ ተመለስን። በዚህ ጊዜ ዳር፣ በሩ አጠገብ፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብለን ተቀመጥን። የማጉያውን ነገር አትናቂው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ፊልሙ አይሰማም፣ እነሱም ድምፁን እስከ ጥግ ይለቁታል። ትልቅ ሰው ይችለው ይሆናል፣ የሕፃን ጆሮ ግን ያሳዝናል።

አንድ ሰዓት ያህል አይታ «በቃኝ» አለች። ወዲያው ወጣን። ብሩ ቆጭቶሽ እስከ መጨረሻው አታስቀምጪው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እንደ አውሮፓውያን ባወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ስክሪን ፊት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ባይቀመጥ ይላል። ፊልሙ ደግሞ በአንድ ሰዓት አያልቅም። አንዷ ሰዓት ለእኔ ድል ነበረች፤ ለአማቴም ወዲያው ደውዬ ነገርኳት።

አሁን ቤት መብራት ሲሄድ ሻማ ፍለጋ የለም። «ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው» ትለናለች።

አዎ፣ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ጀነሬተር እንዳላቸው ጠይቂ። ብር እንደማይመልሱ ነግሬሻለሁ።